ከግራና ተነሥተው በኦፔራ መድረኮች የቆሙት፣ በመርሳ ያረፉት የማኤስትሮ ወንዳወቅ አበባው የሕይወት ታሪክ

ማኤስትሮ ወንዳወቅ አበባው ከአባታቸው ከአቶ አበባው ደሳለኝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙነሽ ሀብቴ በ1944 ዓ.ም. ዛሬ ሀብሩ ወረዳ በሚባለው፣ በግራና ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ፍሬሕይወት አበባው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የተወለዱት አላደጉም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመርሳ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በወልድያ ተከታትለዋል። በወልድያ ተማሪ ሳሉ የሰልፍ ባንድ ተቋቁሞ ጥሩምባ ደረሳቸው፤ ግን ብዙም አልነፉትም። ከበሮ መቺው ሲቀድም ወይም ሌላው ሲዘገይ የራሳቸውን አቋርጠው ዞር እያሉ ጓደኞቻቸውን ማረም አበዙ። የባንዱ ኃላፊ መምህር ፈቃዱ አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «አንተ ልጅ፣ ከምትነፋማ ና ፊታቸው ቁም!» አሏቸው። ማኤስትሮ ስለ ሥራቸው አጀማመር በተጠየቁ ቁጥር፣ «ለቅጣት አቆሙኝ፤ በዚያው ቆሜ ቀረሁ» ይሉ ነበር።

በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ቫዮሊን መማር ጀመሩ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በወሎ ያ ክፉ ድርቅ ገባ። ጥለው ሊመጡ ጓዛቸውን ባሰሩበት ሰሞን አባታቸው በአንድ የአውቶቡስ ረዳት በኩል፣ «አትምጣ። እዚህ አፍ አትጨምርብን። የሚያበላህ ካለ ብላ፤ የሚያስተምርህ ካለ ተማር» የሚል መልእክት ላኩባቸው። ማኤስትሮም ታዘው ቀሩ። አባት ልጃቸውን ለማትረፍ ያሉት መሆኑን አላጡትም። ይሁንና ከዚያ ወዲህ ወደ ወላጆቻቸው ቤት በመጡ ቁጥር፣ «ግባ» እስኪባሉ ድረስ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁ እንደነበር እህታቸው ይናገራሉ።

በ1970 ዓ.ም. የትምህርት ዕድል አግኝተው ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄዱ፤ በዚያም የኦርኬስትራ አመራር አጠኑ። ተመርቀው በ1976 ዓ.ም. ለአጭር ጊዜ ግራና ሲመጡ አባታቸው አስቀምጠው ጠየቋቸው።

«ዘፋኙ ሌላ፣ መቺው ሌላ፤ የአንተ ሥራ ታዲያ ምንድን ነው?»

«አባባ፣ በደቦ አጨዳ ላይ አንድ ሰው ዜማውን ባያወጣ ሌላው ይቀበላል?»

«አይቀበልም።»

«ያ ሰው ነኝ።»

አቶ አበባው ጥቂት አሰቡና፣ «እሱስ ማጭድ ይይዛል» አሉ። ከአባታቸው ጋር ረጅም ወግ የተጨዋወቱት ያን ጊዜ የመጨረሻቸው ሆነ። በ1977 ዓ.ም. አቶ አበባው ሲያርፉ መርዶው ሶፊያ የደረሰው አርባቸው ከወጣ በኋላ ነበር።

በዚያው ከተማ በአንድ ኦፔራ ቤት፣ ታሪኩ ሁሉ በዜማ በሚተረክበት ቴአትር፣ ዘፋኞችን አለማማጅ ሆነው ሲሠሩ፣ በ1979 ዓ.ም. ዋናው መሪ በድንገት ታመሙ። አዳራሹ ሞልቶ ሌላ ሰው በመጥፋቱ የመሪውን ዘንግ ለእሳቸው ሰጧቸው። ሲገቡ ከተመልካቹ ወገን ጉርምርምታ ተሰማ፤ ሲወጡ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ከዚያ ምሽት ወዲህ ፕራግ፣ ሄልሲንኪ፣ ሚላኖ፣ ቶኪዮና ቦነስ አይረስ ድረስ እየተጠሩ ታላላቅ ኦርኬስትራዎችን መሩ። በሰሜን ጀርመን በሚገኝ ኦፔራ ቤትም ለብዙ ዓመታት ዋና መሪ ሆኑ። አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ የሚመሰክሩላቸው፣ ቁጣን የማያውቁ መሆናቸውን ነው። የተሳሳተውን ተጫዋች ትክ ብለው ያዩታል፤ እሱም ራሱ ያርማል።

በ1981 ዓ.ም. ቼሎ የተባለውን ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ ከሚጫወቱት ከወይዘሮ ኤሌና ጋር ተጋብተው ልጃቸውን ሊሊያን ወለዱ። ትዳሩ ግን የቤቱን ያህል መንገዱን አልቻለውም። ዓመቱ በሻንጣ ያልቅ ነበርና ያለ ጠብ ተለያዩ። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ስልክ በደወሉ ጊዜ፣ «ዛሬ ደግሞ የት ነህ?» ቢሏቸው፣ «ቆይ እታለም፣ መስኮቱን ልክፈትና አይቼ ልንገርሽ» ያሉትን ቤተሰቡ እንደ ቀልድ ሲያወሳው ኖሯል። እሳቸው ግን አልቀለዱም።

በ2003 ዓ.ም.፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ መርሳ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ የነበሩት እናታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ ሲያርፉ ለቀብሩ ደረሱ፤ ነገር ግን ሥራ ይጠብቃቸው ስለነበር ሰልስቱ ሳይደርስ ተመለሱ። እናታቸውን በሕመማቸው ጊዜ ከእህታቸው ጋር ያስታመሙት የመርሳ ጎረቤት ወይዘሮ ሁሪያ መኪናው ድረስ ሸኝተዋቸው፣ «አላህ ያጥናህ ልጄ። እንደ እንግዳ መጣህ፣ እንደ እንግዳ ሄድክ» አሏቸው። ወይዘሮ ፍሬሕይወት አልሸኙም። በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በጸሐፊነት እየሠሩ፣ ጠዋት ሄደው ማታ እየተመለሱ፣ እናታቸውን ለዓመታት ያነሡና ያስተኙ እሳቸው ናቸው። ድካሙ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበርና ለወንድማቸው ስልክ ማንሣት ተዉ።

በ2007 ዓ.ም. ማኤስትሮ በልምምድ መካከል፣ ተጫዋቾቹ እየተጫወቱ ሳለ፣ እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ሙዚቃው ጥቂት ሄዶ ሄዶ ቆመ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ደክሞኛል» ብለው ወጡ። ሐኪሞች ፈትሸው ይህ ነው የሚባል በሽታ አጡ። ቢተኙም የማይለቅ ድካም ነበር። በተከታዩ ዓመት መርሳ መጥተው በእናታቸው ቤት ደጃፍ ቆሙ። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ወጥተው አዩዋቸውና፣ «የራስህ ቤት ነው፤ ማን ግባ ይበልህ?» አሉ። ሁለቱም ብዙ ሳይነጋገሩ አብረው መኖር ጀመሩ።

በ2013 ዓ.ም. የክረምቱ ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ወደ ሀብሩ ሲቃረብ ወዳጆቻቸው ከደሴ መኪና ላኩላቸው። መኪናው ሰው ጠቅጥቆ ስለነበር የተረፈው የእሳቸው ቦታ ብቻ ነው። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ስትሮክ ጥሏቸው አልጋ ላይ ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ሂድ፤ መሄድ ልማድህ ነው። እኔም ለምጄዋለሁ» አሉ።

ማኤስትሮ ወጡ። ቦታቸውን ሕፃን ለታቀፈችው ለወይዘሮ ሁሪያ ምራት፣ ለሳሚራ ሰጥተው ተመለሱ።

«የረሳኸው ዕቃ አለ?» አሉ እህታቸው።

«የለም እታለም። ደክሞኛል፤ ከእንግዲህ መሄድ አልችልም።»

«እንግዲያው በሩን ዝጋው፤ ነፋስ ይገባል።»

እስከ ታኅሣሥ መብራትም ስልክም አልነበረም። ማኤስትሮ ውኃ በጀሪካን እየቀዱ፣ እህል በድንጋይ እየከኩ፣ እህታቸውን እያገላበጡ ከረሙ። ወይዘሮ ሁሪያ ካላቸው እያካፈሉ አብረው አሳለፉት። አንድ ቀን ወይዘሮ ፍሬሕይወት ፀጉራቸው በወንድማቸው እጅ ሲታጠብ፣ «እናታችንን እንዲህ ነበር የማጥባት» አሉ። ማኤስትሮም፣ «አውቃለሁ፤ አልነበርኩም» ብለው ማጠባቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቂሙ ቀረ።

ሰላም ሲመለስ የወልድያ መምህራን ለምነዋቸው የተማሪዎችን መዘምራን ወንበር ላይ ተቀምጠው ለጥቂት ወራት አሠለጠኑ። የአምባሰልን ዜማ በኦርኬስትራ እንዲያዘጋጁላቸው ሲጠይቋቸው፣ «እሱ መሪ አይፈልግም፤ ተዉት» አሉ። የቀድሞው ኦፔራ ቤታቸው ለክብራቸው በተዘጋጀ ምሽት እንዲመሩ ሲጋብዛቸውም፣ «የምቆምበት እግር አልቀረኝም» ብለው በትሕትና መለሱ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በወልድያና በደሴ ሲታከሙ ቆይተው፣ በቃኝ ብለው ወደ መርሳ ተመለሱ። ልጃቸው ሊሊያ ከሶፊያ ደርሳ አጠገባቸው ሳለች፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በተወለዱባት ግራና፣ በአባታቸውና በእናታቸው መቃብር አጠገብ ይፈጸማል።

ማኤስትሮ ወንዳወቅ የአንዲት ሴት ልጅ አባትና የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ፍሬሕይወት፣ የእህታቸው ልጆች ሚኪያስና ልዑል፣ እንዲሁም እንደ እናት ያዩዋቸው ወይዘሮ ሁሪያ ከኀዘንተኞቹ ጋር ተቀምጠዋል።

ይህ ጽሑፍ ተነብቦላቸው ሲያበቃ ወይዘሮ ፍሬሕይወት፣ «አገሩን ሁሉ ቆጥራችኋል። እኔ ጋ እንደ ቀረ ጻፉ» አሉን፤ ጽፈናል።

ለደከሙት ዕረፍትን የሚሰጥ አምላክ የወንድማችንን፣ የአባታችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።