በስሜ የተቀበረው ሰው

ወሎ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ጥር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ውድ ወይንሸት፣

እንደምን ሰንብተሻል? ይህን የምጽፈው እኔው ካሳዬ ነኝ፤ በገዛ እጄ። "ማን ጻፈለት?" እንዳትዪ! የቀበሌያችንን የማታ ትምህርት አንደኛ ሆኜ ጨርሻለሁ፤ ጭብጨባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተሰምቷል። ሽልማቴ መጽሐፍ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ሴት፣ ሳይወረስ በፊት አዋሽ ዳር ስለነበራቸው የጥጥ እርሻ የጻፉት። ባልሽ ላጲሶ የሄደበት እርሻ።

ገጽ አርባ ሁለት ላይ ስሜን አገኘሁት። "ካሳዬ የሚባል ለቃሚ በወባ ሞተብኝ" ይላል። "የሞተ ሰው ሲያነብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" እያልኩ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት። ቀጣዩን መስመር ሳነብ ግን ቀልዴን ተውኩ። ሟቹ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት አልነበረውም ይላል።

እኔ አሥሩም አሉኝ፣ ወይንሸት። ሁለቱ የጎደሉት ማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ይህን ደብዳቤ ለወይንሸት የምታነቢላት እህቴ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በይና አስቀምጫት።

ያኔ ላጲሶ ሥራ ፍለጋ ሲመጣ አለቃው "ሰው ሞልቷል" ብሎ መለሰው። እኔ ደግሞ ለቀማው ሰልችቶኝ ነበር። ቁጥር የተመታባትን የሥራ መለያ ቆርቆሮዬን አንገቱ ላይ አሰርኩለትና "ከዛሬ ጀምሮ ካሳዬ አንተ ነህ፤ ስሜን እንዳታሰድብ" ብዬው ሸገር ገባሁ። ብዙዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር።

ደራሲዋ እዚሁ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዡ ጀርባ ይኖራሉ። በማግስቱ ሄጄ አንኳኳሁ።

"እሜቴ፣ የቀበሩት ካሳዬ ተነስቶ መጣ!" አልኩ። በቀልድ ልጀምር ብዬ ነው።

"በሞተ ሰው አትቀልድ። እኔው ነኝ ያስቀበርኩት።"

ነገሩን ስነግራቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

"ሦስት ቀን ሙሉ 'ለወይንሸት ንገሩልኝ' ሲል ነበር" አሉኝ። "መዝገቡን አስወጥቼ ባየው፣ ካሳዬ ሚስት የለውም። ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥረው ብዬ ተውኩት። ማንንም አላፈላለግሁም።"

ስሜን አውሼ መዝገቡን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ስለ እሱ ሰው በላክሽብኝ ቁጥር "ወፍራም አፋር አግብቶ ግመል እየጠበቀ ነው" እያልኩ ስቀልድብሽ ኖርኩ። አንቺ ደግሞ ይመጣል ብለሽ በርሽን ሳትቀረቅሪ እንደምታድሪ ነገሩኝ።

ወይዘሮ የሺመቤት ይዤው የሄድኩትን መጽሐፍ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ገልጠው፣ ብዕራቸውን ሰጥተውኝ "አንተው ሰርዘው" አሉ። ማታ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የተማርኩት ስሜን መጻፍ ነው፤ ግድግዳውን ሁሉ ሞልቼበታለሁ። ሰረዝኩት። ከላዩ ላይ "ላጲሶ" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ ጠመም ቢል የእጄ ጥፋት ነው። መጽሐፉን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ።

መቃብሩ ቦዩ አጠገብ፣ ግራሩ ሥር ነው አሉኝ። ፋሲካ ሲያልፍ መጥቼ እወስድሻለሁ። የመቃብሩ ምልክት እንጨት ላይ ያለውን ስሜንም ፍቄ የሱን እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ተናገሪኝ፤ አልመልስልሽም።

ከእንግዲህ በርሽን ቀርቅረሽ እደሪ።

ስሙን ያዋሰው፣
ካሳዬ