የቀኙ ክር

ጥቅምት 8
ዝናብ። ገበያ የለም። ሁለት ጥቅል የኮት ጨርቅ ብቻ ወጣ። የምርመራው ውጤት ደረሰኝ… ፕሮስቴት እጢዬ ላይ ካንሰር አለ። ገና አልተስፋፋም፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል አለ ሐኪሙ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለምን? እንጃ።

ጥቅምት 11
ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ። ዕቃውን ሳላይ አልዋዋልም አልኩት። ሳቀና ወረቀት ላይ ሣለልኝ። አንድ የነርቭ መስመር ከወገብ ይወርዳል፣ ሌላው ከአከርካሪ ታችኛው ጫፍ ይመጣል። እጢው አጠገብ ይገናኛሉ። እዚያ የነርቭ ሴሎች ተሰብስበው ለፊኛው፣ ለአንጀቱ ጫፍ፣ ለወንድነቱም ትእዛዝ ያከፋፍላሉ።
«የጅምላ መጋዘን በለኛ!»
«በሉት። የወንድ አይጥም ብዙ አይለይም፤ አብዛኛውን የተማርነው ከእሱ ነው።»
እኔና አይጥ… ባንድ መጋዘን!
ጭንቁ ወዲህ ነው። ከመጋዘኑ የሚወጡት ቀጫጭን ክሮች እጢው ላይ ግራና ቀኝ ተለጥፈው ያልፋሉ። የግራውን አላቅቆ ማትረፍ ይችላል። የቀኙ ግን በሽታው ደርሶበት ከሆነ ይቆረጣል። ይኼ የሚታወቀው ሲከፈት ነው።

ጥቅምት 12
ሱቅ ውስጥ ስንጎራደድ ዋልኩ። ደንበኛዋ ሦስት ሜትር አለችኝ፣ አራት ቆረጥኩ። በሠላሳ ዓመት አንዴ እንኳ…

ጥቅምት 15
የፈቃድ ወረቀት ሰጡኝ። «አስፈላጊ ከሆነ ነርቩ ይቆረጣል» የሚለውን ሰርዤ ፈረምኩ። ከአቅራቢዎች ጋር ሁሌ የማደርገው ነው፤ ያልጣመኝን እሰርዛለሁ፣ እያጉረመረሙ ይቀበላሉ። ሐኪሙ ግን ወረቀቱን መለሰልኝ።
«ጋሼ፣ ይኼ የጨርቅ ውል አይደለም። እጄን አስረው አያስገቡኝ።»

ጥቅምት 16
ባለቤቴ ወረቀቱን ኮቴ ኪስ ውስጥ አገኘችው። ሁለቴ አነበበችው።
«የሰረዝከው ለእኔ ብለህ ነው?»
ወረቀቱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።
«አንተ ሰውዬ! ገበሩ ተቀደደ ብሎ ኮቱን የሚጥል አይተሃል?»
በራሴ ሸቀጥ ረታችኝ። ማታ የመጋዘኑን ነገር ሁሉ አጫወትኳት።

ጥቅምት 17
አዲስ ወረቀት። ምንም ሳልሰርዝ ፈረምኩ። እሷ አጠገቤ ቆማለች።

ጥቅምት 22
ቀዶ ጥገናው ነገ ነው። ሱቁን ቆልፌ ቁልፉን ለእሷ ሰጠኋት።

ጥቅምት 25
ግራው ተርፏል። ቀኙ… ተቆርጧል። በሽታው ደርሶበት ነበር። ስረዛዬን ተቀብሎኝ ቢሆንስ?

ኅዳር 5
የሽንት ቱቦው ወጣ። ከአልጋ ስነሳ አመለጠኝ። እኔ ስሳቀቅ እሷ ፎጣ አቀበለችኝ፣ ስለ ጎረቤቷ እያወራች።

ጥር 14
ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት… ሱሪዬ ደረቅ ነው። ወንድነቱስ? ገና ነው። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ። ዛሬ ምሳ ይዛልኝ መጣችና፣
«መጋዘኑ እንዴት ነው?» አለችኝ።
«ዕቃው መንገድ ላይ ነው።»
ደንበኞች ፊት እስክታነባ ሳቀች።
መድረሻ ቀኑ ያልተቆረጠ ዕቃ ጠብቄ አላውቅም። ይኼን እጠብቃለሁ።