ስለ ጎረቤታቸው ከቅሬ የወጡት ወ/ሮ ይመኙሻል አግማስ (1944–2017 ዓ.ም.)

ከኮምቦልቻም ከደጋንም በዚህ ፀሐይ የመጣችሁ ለቀስተኞች ሁሉ፣ እግራችሁን እንቅፋት አይምታው። የእኅታችንን ታሪክ በአጭሩ እናሰማችኋለን።

ወ/ሮ ይመኙሻል ከአባታቸው ከአቶ አግማስ በላይና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩዬ ወልዴ በ1944 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ተወለዱ። እዚያው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ያልቀጠሉት እናታቸው ስለታመሙና ቤቱን የሚይዝ ስለጠፋ ነው።

በ1963 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሾፌርነት ይመላለሱ ከነበሩት ከአቶ ደምለው ተሰማ ጋር ተጋብተው ደሴ፣ ሆጤ ገቡ። ሦስት ልጆች ወልደው፣ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም እየሸጡ አሳደጓቸው። ቁጡ ነበሩ፤ ይህን የማያውቅ ጎረቤት እዚህ የለም። በሰፈሩ እድር፣ በቅሬውም፣ የሴቶቹ ኃላፊ ሆነው ብዙ ዘመን አገለገሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ስለሚቀባበር በለቅሶ ቤት ሥጋ አይቀርብም፤ ምስር ወጥ ተሠርቶ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ሰዉን በየትሪው የሚያስቀምጡት እሳቸው ነበሩ።

በ1997 ዓ.ም. ጣይባ የምትባል የደጋን ሴት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሥጋ ደዌ ታክማ ዳነችና ሆጤ ቤት ተከራየች። በሽታው ለቋት ሄዷል፤ ጣቶቿን ግን ይዞባት ሄዷል። ለቅሶ ቤት ስትመጣ ወ/ሮ ይመኙሻል ሰው እንዳያሳቅቃት ብለው ለብቻዋ በሳህን፣ በሩ አጠገብ አቀረቡላት። ደግ የሠሩ መስሏቸው ነበር። ጣይባ በልታ ስትጨርስ፣ «እትዬ ይመኙ፣ ሳህኑን ከኔ በኋላ የሚጥሉት ከሆነ ልውሰደው፤ ቤቴ ሳህን ያንሰኛል» አለቻቸው። ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

በዚያው ሰሞን በቅዳሴ ላይ ጌታችን ለምጻሙን የፈወሰበት ወንጌል ተነበበ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት የኖሩት ነው። የዚያን ቀን ግን ቤት ገብተው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ለአቶ ደምለው፣ «ሰማኸው? መጀመሪያ ዳሰሰው፤ ከዚያ ነው የነጻው። እሱ ሳይድን ዳሰሰው፣ እኛ ከዳነች በኋላ ሸሸናት!» አሏቸው።

በሚቀጥለው ለቅሶ ጣይባን እጇን ይዘው ከራሳቸው ትሪ አስቀመጧት። ሌሎቹ ትሪውን ትተው ተነሡ። ቅሬ እንድትገባም ጠየቁላት፤ ቅሬ የሌለው ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ሰብሳቢው ሐጂ ኑርሁሴን፣ «ወላሂ ይመኙ፣ እኔ ጠልቼ አይደለም፤ ሰዉ ይበተንብናል» አሉ። እሳቸውም፣ «እንግዲያው የኔንም ስም ፋቁት። ቀባሪ ካጣን አብረን እንጣ» ብለው ወጡ። ዘመድ ለመናቸው፣ ልጆቻቸው አለቀሱባቸው፤ አልተመለሱም።

በዚህ መሀል በ1999 ዓ.ም. አቶ ደምለው በድንገት አረፉ። ልጆቹ ገና ከየሥራቸው አልደረሱም፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን የሚተክል አልነበረም። ወ/ሮ ይመኙሻልና ጣይባ አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ረፋድ ላይ የቅሬው ድንኳን በሰው ትከሻ መጣ። ሐጂ ኑርሁሴን ከፊት ሆነው፣ «አብሽሪ፤ ቅሬ ባትሆኚም ጎረቤት ነሽ» አሉ።

ከቀብር መልስ ምግብ ሲቀርብ ጣይባ ያለችበት ትሪ ላይ ሌላ ሰው አልቀረበም። የሐጂ ባለቤት ወ/ሮ ሀስና ዙሪያውን አዩና ሄደው ከአጠገቧ፣ «ቢስሚላህ! ጠጋ በይልኝ እንጂ፣ ብቻሽን ልትጨርሺው ነው?» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ሌላም መጣ፣ ሌላም መጣ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ሴቶች ቅሬ ገቡ።

ወ/ሮ ይመኙሻል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስትሮክ ታመው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ልጆቻቸው በማንኪያ ሲሰጧቸው አፋቸውን ይገጥሙ ነበር፤ ጣይባ ስታጎርሳቸው ግን ይበሉ ነበር። በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና ጣይባን ትተውልን ሄደዋል። ጣይባ ዛሬ ከልጆቹ ጋር ከፊት ተቀምጣለች። እኛን ስታጽናኑ እሷንም እጇን ይዛችሁ አጽናኑልን።

የእኅታችንን ነፍስ አምላክ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ እናንተንም ቀባሪ አያሳጣችሁ። አሜን።