ለውሰት ያልተሰጡት ዶሮዎች

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም።

መንግሥት ለዶሮ አርቢዎች የሰጠው ድጋፍ እኔን አልፎኝ እንደሄደ ታውቂያለሽ። የዶሮ ቤቱንም መኖውንም የወሰደው ጎረቤታችን ነጋዴው ነው፤ ዶሮ ግን አንድም የለው። ሰኞ ዕለት የእርባታ ባለሙያው መጥቶ፣ "እማማ፣ ነገ ከበላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ዶሮዎችዎን ለአንድ ቀን እዚያ እናሻግራቸው" አለኝ።

"ዶሮዎቼ የሰው ገመና መሸፈኛ አይደሉም!"

"እንግዲያው ስምዎ ከድጋፉ መዝገብ ይሰረዛል።"

"ያልጻፋችሁትን ስም ከየት ትሰርዙታላችሁ?" ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

በማግስቱ ጎብኚዎቹ የነጋዴውን ባዶ የዶሮ ቤት አይተው ሲወጡ፣ በሬን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ዶሮዎቼ መንገዱን ሞሉት። አለቃቸው "እነዚህስ የማን ናቸው?" ሲል፣ "የእኔ ናቸው፤ ያለ ድጋፍ ያደጉ!" አልኩት። ባለሙያው አንገቱን ደፋ። ድጋፉ እስካሁን አልመጣም፤ እኔ ግን ቀና ብዬ እሄዳለሁ።

አባትሽ ደህና ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ዶሮዎቹ ጭኑ ላይ ሲወጡበት እንደ ድሮው "እሽ!" አይላቸውም። ፈቃድ ካገኘሽ ክረምቱ ሳይገባ ብቅ በይ። ለሌላ አይደለም፣ እንቁላሉን በትኩሱ እንድትበዪ ብዬ ነው።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

እናትሽ