የውሸት ወባ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ከሰዓት

አንድ ቀን ብቀርስ ማን ይጎዳል?

ከጧት ጀምሮ ይህንኑ እያልኩ ነው፣ ማስታወሻዬ። ነገ የእትዬ ስመኝ ሩዝ ይታጨዳል። ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን ይዘዋል። ወንፈል ነው። ጥቂት ቤቶች ሆነን የአንዱን ማሳ በተራ እናጭዳለን። ነገ የሳቸው ተራ ነው፣ የእኛ መጨረሻ ላይ።

ግን ባ/ዳር ያለው አታሚ የታረመውን ፋይል እስከ ነገ ማታ ካላገኘ መጽሐፌን ከጥምቀት ወዲያ ሊያሻግረው ነው። የመጀመሪያ መጽሐፌን! አሳታሚ የለኝም። ደራሲውም፣ አራሚውም፣ አሻሻጩም እኔው። የመጨረሻው አጭር ልብ ወለድ አጨራረስ አሁንም አልጣመኝም። ከተመረቅኩ ወዲህ «ምን ይዘሃል?» ለሚለኝ ሁሉ የማሳየው ይኼን ብቻ ነው።

ጽሑፍ አለብኝ ብልስ? ሳቃቸው ከአሁኑ ይሰማኛል። ከወንፈል የሚቀር ወይ የታመመ ነው ወይ የሞተ።

ለእማ ወባ ሳይዘኝ አልቀረም አልኳት። ለጎረቤት እሷ ታደርስልኛለች። ፎገራ ላይ ወባን የሚጠራጠር የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ 10 ሰ.

ግሩም ጧት ነበር። ጋቢ ተከናንቤ፣ ላፕቶፑ ሆዴ ላይ። ሙሉ ገጽ ሠረዝኩ፤ አጨራረሱ መጣልኝ።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ስመኝ። ከነጭቃቸው፣ ራሳቸው ላይ የሩዝ ገለባ እንዳለ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው። ላፕቶፑን ጋቢው ሥር ሸጎጥኩ። ግንባሬን ዳሰሱና እንደ እሳት ትፋጃለህ አሉ። የላፕቶፑ ሙቀት ነው። የእፍረትም።

አጨዳውን ለምን ትተው መጡ አልኳቸው።

«ሩዙ እግር የለው፣ የት ይሄዳል? አርፈህ ጠጣ።»

አጥሚቱን ሳልጨርስ አልነሣም አሉ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ሲሉኝ ተመርምሬአለሁ አልኩ። ሁለተኛ ውሸት። ጥቂት ቆይቶ አጫጆቹም ተከታትለው መጡ። ባለማሳዋ ሕመምተኛ ሲጠይቁ ማን ያጭዳል? አልጋዬን ከበው ስለ በሬ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ አጎበር አወሩ። አንዱ፣ ደራሲ ወባ ሲይዘው የሚንቀጠቀጠው በግጥም ነው ወይ ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅሁ። የማሳው ግማሽ ሳይታጨድ ቀረ።

12 ሰ. ፋይሉን ላክሁ። ደርሶኛል አለ አታሚው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

አርብ፣ ኅዳር 12፤ ሚካኤል

በዓል ነው፤ ማጭድ አይነሣም። ረፋዱ ላይ ደመና። በኅዳር ደመና ምን ቤት ነው? ከቀትር በኋላ ዘነበ፤ ያውም የክረምት ዝናብ። እማ በሩ ላይ ቆማ «የስመኝ ሩዝ» አለች።

እንድሪስ መታመሜን ጽሑፎቼን በምናወጣበት ቴሌግራም ቻናል ላይ ለጥፎታል። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ነው፤ የምጽፈውን ሁሉ ቀድሞ የሚያነበው እሱ። አንባቢዎቼ ይማርህ፣ አላህ ያሽርህ ይሉኛል። አንዷ ከአንበሳሜ በጸሎቴ አልረሳህም ትላለች። ስልኩን ደፋሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሄጄ አየሁት። የታጨደው ተከምሯል፣ ደህና ነው። የቀረው ግን ተኝቷል። ዘለላው ውሃ ውስጥ ነው። አንዱን ብነካው ፍሬው እጄ ላይ ረገፈ።

ዛሬ ሰንበት፣ ነገም ሰንበት። ከሰኞ ካለፈ እዚያው ይበቅላል። ሰኞ ደግሞ ወንፈሉ ሌላ ቤት ነው፤ ተራ አይነካም።

ዝናቡን እኔ አልጠራሁትም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ እሠርዝበት ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 14፤ ከቅዳሴ መልስ

በመጀመሪያ ለእማ ነገርኳት። ወንፈላችንን በላኸው። የእኛ ተራ ሲደርስ ማንን ልጥራ? በምን ዓይኔ? አለች።

ከዚያ እትዬ ስመኝ ቤት። ነገ ጾም ስለሚገባ ምስር ይለቅማሉ። ቆሜ ነገርኳቸው። ወባ አልነበረም፤ ጽሑፍ ነበር። እጃቸው ከምስሩ አልተነሣም።

«ወባው ይሻልህ ነበር። ወባስ መድኃኒት አላት።»

ይቅር አላሉኝም። ውጣም አላሉኝም። ነገ መጥቼ አጭዳለሁ አልኳቸው።

«ብቻህን? አይጥ ይቀድምሃል።»

እውነታቸውን ነው። እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። እሱንም ዋሽቼው ነበርና አኮረፈ። በኔ ስም አንባቢን አሳዘንክ አለኝ። ግን ሱቁን ነገ ሊዘጋ ተስማማ፤ ማጭድም ከዘመዶቹ ሊያሰባስብ። አንባቢ ለመጥራት ቻናሉ ላይ የሚለጠፈውን ግን ራስህ ጻፍ አለ።

እየጻፍኩ ነው። እሠርዛለሁ፣ እመልሳለሁ። ሰበብ የሚመስለውን ሁሉ አወጣሁ። የተረፈው ይኼ ነው፦

«ወዳጆቼ፣ አልታመምኩም። ዋሽቻለሁ። መጽሐፌን ለመጨረስ ብዬ ከወንፈል ቀረሁ። ጎረቤቴ እትዬ ስመኝ አጨዳቸውን ትተው ሊጠይቁኝ መጡ፤ የቀረውን ሩዝ ዝናብ መታው። መጽሐፉን ግዙኝ አልልም። ነገ ጧት 12 ሰዓት ወረታ መናኸሪያው በር ላይ ከእንድሪስ ጋር እቆማለሁ። ማጨድ የምትችሉ እጨዱ፤ የማትችሉ ነዶ ተሸከሙ። የምትመጡ እዚሁ ሥር ጻፉልኝ። ስንት እንደምንሆን ዛሬውኑ ለሳቸው መንገር አለብኝ።»