ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የሠሩት የአቶ ዴንዚል ሂንግሊ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዴንዚል ሂንግሊ ከአባታቸው ከሰንሰለት ሠሪው ከአቶ ኢኖክ ሂንግሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄስተር ቲቤትስ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1946 ኔዘርተን ውስጥ፣ ቦዩ ዳር ካለችው የመጨረሻ ቤት ተወለዱ። የወላጆቻቸው ሠርግ የዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነበር። ሕፃኑ ያለጊዜያቸው ነው የመጡት ተብሎ ለጸሎት ቤቱ ሰዎች ተነገረ። ያለጊዜያቸው ለመጣ ሰው በጣም ወፍራም ነበሩ፤ የጸሎት ቤቱ ሰዎች ግን አመኑ። ደግ ዘመን ነበር።

በ1950 ወንድማቸው ክላይቭ ተከተለ። ሁለቱ ባንድ አልጋ ተኝተው፣ ባንድ የክረምት ካፖርት ተፈራርቀው አደጉ። እናታቸው ታዲያ «ለዴንዚል እጅ ሰጠሁት፣ ለክላይቭ ጣት ሰጠሁት፤ ጭንቅላቱን የት እንደጣልኩት እንጃ!» ይሉ ነበር።

አቶ ዴንዚል እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተምረው፣ እሳቸውም ትምህርት ቤቱም በቃን ተባብለው በሰላም ተለያዩ። በ1961 ከሬዲዮ ጠጋኙ ከአቶ ሆራስ ዊሌትስ ሱቅ ገቡ። ያኔ ሬዲዮም ሆነ የጊታር አምፕሊፋየር ሆዱ ውስጥ የሚግሉ የመስታወት አምፖሎች ነበሩት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኤሌክትሪኩን ቋጥሮ ቁጭ ይላል፤ የነካውን ይገድላል። አቶ ዊሌትስ በመጀመሪያው ቀን ያስተማሯቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሁለት እጅህን ካስገባህ ባንዱ ገብቶ፣ ልብህን አቋርጦ፣ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ግራህን ኪስህ ክተት! ሚስት ስታገባ ታወጣታለህ።»

ሚስት ሲያገቡም አላወጧትም። እሱን እንደርስበታለን።

በ1966 ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የተጣለ አምፕሊፋየር አገኙና ለክላይቭ ጊታር እንዲሆን ገጣጥመው አበጁለት። እሑድ እሑድ ሥራ የለም፤ ወይዘሮ ሄስተር ጓዳ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ክላይቭና ጓደኞቹ ሳሎን ይለማመዳሉ። ቅዳሜ ደግሞ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ከኋላ ሻይ ያፈላሉ፣ የሥጋ ኬክ ያሞቃሉ። ያ ድምፅ እንዴት ተብሎ ይነገራል! ክላይቭ ክሩን ሲመታው መጀመሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ ከዚያ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ይመጣል። ጉሮሮው የተሰነጠቀ ግን የማያለቅስ ሰው ነበር የሚመስለው። እሱን ሰምተው ከግድግዳ ተደግፈው የቀሩ ልጃገረዶች ነበሩ። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ስማችሁን አንጠራም።

በ1968 የሙዚቃ ሸክላ የሚያሳትም ሰው ከለንደን መጥቶ በዚያው አዳራሽ ሰማቸው። «ይህን ድምፅ ይዛችሁልኝ ኑ» ብሎ ቀን ቆረጠላቸው። በዚያው ሰሞን ክላይቭ ጊታሩን እንደያዘ አብሮ ሊያዜም ከንፈሩን ማይክሮፎኑ ላይ ሲያደርግ ሰማያዊ ብልጭታ ተፈናጠረና በጀርባው ወደቀ። ከንፈሩ ለሳምንት ጠቁሮ ሰነበተ። እናታቸው ዴንዚልን ጓዳ ጠርተው «ወንድምህን ገድለህ እንዳትመጣልኝ» አሏቸው።

ዴንዚል ፈሩ። አምፕሊፋየሩን ከፈቱ፤ ያረጁትንና የሚያፈሱትን ኤሌክትሪክ ቋጣሪ ኮንደንሰሮች ሁሉ ነቅለው ጣሉ፣ አዲስ ተኩ፣ ሰው እንዳይነዝር የመሬት ሽቦ አሰሩለት። ንጹሕ ሥራ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተው አያውቁም።

ለንደን ሲደርሱ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ሆነ። ሰውዬው «አዳራሽ ውስጥ የሰማሁት የታለ?» አለ። የሚዘፍነውንና ከበሮ መቺውን አስቀርቶ ክላይቭን አሰናበተው።

በባቡር ሲመለሱ እንዲህ ተባባሉ፤ ከበሮ መቺው ሻንጣውን ከቤቱ ሊወስድ አብሯቸው ስለመጣ አገር ሰማው።

«ምን ነካህበት?»

«ምንም። በደንብ ጠገንኩት እንጂ።»

«ደህናውን ነገር! ማን ጠግን አለህ?»

«ልትሞት ነበር እኮ፣ አንተ ልጅ!»

«ከዚህስ መሞቱ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም። ክላይቭ ብረት ቀጥቃጭ ፋብሪካ ገባ፣ ከቦዩ ማዶ ቤት ያዘ። አንዱ ሲመጣ ሌላው መንገድ ይሻገራል። ዳቦ ቤት ከተገናኙ አንደኛው ዳቦ ሳይገዛ ይወጣል። ጊታሬን ሸጬዋለሁ ይላል ክላይቭ። የጎረቤቱ ሚስት ግን በግድግዳው በኩል ምን እንደምትሰማ ታውቃለች፤ እሷ ካወቀች ደግሞ ሁላችንም አወቅን።

አቶ ዴንዚል በ1971 ከማርሊን ራውንድ ጋር በጸሎት ቤታችን ተጋቡ። ቀለበቱ የሚጠለቅበት ሰዓት ሲደርስ ሙሽራው ቀኛቸውን ዘረጉ። ማርሊን ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው ጎትታ አወጣችና «እኔ ኤሌክትሪክ አይደለሁም» አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ክላይቭ አልነበረም። ለእሱ የተቀመጠው ወንበር እስከ መጨረሻው ባዶ ነበር፤ በሠርጉ ፎቶ ላይ ዴንዚል የሚያዩት ያን ወንበር ነው። ከጋብቻቸው ሎሬይንና ጊሊያን የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

አቶ ዊሌትስ ሲያርፉ ሱቁን ተረከቡ። ከየአገሩ ጊታር መቺዎች አምፕሊፋየራቸውን ተሸክመው ይመጡ ነበር። ዴንዚል ግራቸውን ኪስ፣ ቀኛቸውን ሽቦ ውስጥ አድርገው ያዘፍኑላቸዋል፤ ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። እሳቸው ግን በሩን ዘግተው «ይኼ አይደለም» ይላሉ። ከዚያ ጓሮ ወዳለው መጋዘናቸው ገብተው የክላይቭን አምፕሊፋየር ይከፍታሉ። የጣሏቸውን ኮንደንሰሮች ፍለጋ የከተማውን ቆሻሻ መጣያ ቆፍረዋል። አምፖሉን ቀያየሩ፤ የእንግሊዙ ፋብሪካ ሲዘጋ ከሩሲያ አስመጡ። የስፒከሩን ወረቀት ቀደዱት፣ መልሰው ሰፉት። የእንጨት ሳጥኑ ይሆናል ብለው ሳጥኑን እርጥበት ቦታ አስቀመጡት። ያን ድምፅ ካገኙ ወንድማቸውን የሚያገኙ መስሏቸው ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም። ጊሊያን ስትወለድ መጋዘን ነበሩ። ሎሬይን አሟታል ሲሏቸው «እየመጣሁ ነው» አሉ፤ ማርሊን ልጇን ይዛ በአውቶቡስ ሐኪም ቤት ሄደች። ይህን የምንለው ሙት ለመውቀስ አይደለም። ማርሊን ራሷ ጻፉት ስላለች ነው።

በ1979 እናታቸው ሲያርፉ ሁለቱ ልጆች ከሬሳው ሳጥን ግራና ቀኝ ቆሙ፤ ቀና ብለው አልተያዩም። ቤቱ ተሸጠ፣ የእናታቸው የኤሌክትሪክ ምድጃ ለብረት ሻጭ ተሰጠ። ማንም ልብ አላለም።

በ2016 የገና ዕለት ማርሊን ዝይ ጠበሰች። ልጆችም የልጅ ልጆችም መጥተው በየክፍሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተለኩሷል። ዴንዚል ድንች ላጥ ሲባሉ እንደ ልማዳቸው መጋዘን ገቡ። መጋዘኑ መብራት የሚያገኘው ከጓዳ በተዘረጋ ቀጭን አሮጌ ሽቦ ነው። አምፕሊፋየሩን ከፈቱ፣ የሙከራ ጊታራቸውን አንድ ክር መቱ። ድምፁ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ኩፍ ብሎ መጣ።

ሮጠው ጓዳ ገቡ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ምን አደረግሽ?»

«ዝይ እየጠበስኩ ነዋ! ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«አጥፊው!»

«ዝይውን?»

«ምድጃውን!»

አጠፋችው። ተመልሰው ሲመቱት ቆርቆሮ ነው። «ለኩሺው!» ብለው ከጓሮ ጮኹ። ለኮሰችው፤ ድምፁ መጣ። «አጥፊ! ለኩሺ!» ሲባል ዋለና ዝይው ከነደሙ ቀረበ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ብዙ ምድጃ ሲለኮስ መብራቱ ይደክማል፤ አምፕሊፋየሩ በግማሽ ሆድ ይሠራል፤ ያንን ድምፅ የሚያወጣው ሲርበው ነው። የእናታቸው ቤት የመብራት መስመሩ መጨረሻ ነበር፤ እሑድ መንደሩ በሙሉ ሥጋ ይጠብሳል። አዳራሹም ውስጥ ቅዳሜ ሻይ ይፈላል፣ ኬክ ይሞቃል። ለንደን ግን ማንም አልጠበሰም። ጥገናው ምንም አላጠፋም። ያን ሁሉ ዘመን ዕቃውን ሲበረብሩ፣ ችግሩ ግድግዳው ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ዴንዚል ቦዩን ተሻግረው የክላይቭን በር አንኳኩ። ክላይቭ በሩን አልከፈተም፤ ደብዳቤ የሚገባበትን ቀዳዳ ብቻ ከፍ አደረገ። የጎረቤቱ ሚስት መስኮቷን ስታጸዳ ሰምታለች። በበረዶ መስኮት ማጽዳት አመሏ ነው።

«ማን ነው?»

«ማን ሊሆን ነው! ዴንዚል።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ክላይቭ፣ ያ ድምፅ የእማዬ ምድጃ ነበር።»

«ጠጥተሃል?»

«ምድጃው ሲለኮስ መብራቱ ይደክም ነበር፤ ለንደን ደግሞ—»

«ሃምሳ ዓመት አስበህ፣ እማዬ ላይ ልታሳብብ መጣህ?»

ዴንዚል ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና በቀዳዳው አስገቡለት፣ እንዲጨብጣት። ማንም አልጨበጣትም። በረዶው ባርኔጣቸው ላይ እስኪቆለል እንዲሁ ቆሙ፤ ከዚያ እጃቸውን አወጡ፣ ኪሳቸው ከተቷት፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በ2018 ሳንባቸውን አመማቸው። ሐኪሞች የተቻላቸውን አደረጉ፤ ማርሊንም ያልተቻላትን ሁሉ አደረገች። በመጨረሻው ሰሞን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ «ምን ላድርግልህ?» ስትላቸው «የሀዘኑ ምሳ አዳራሹ ይሁን። ምድጃዎቹን ሁሉ ለኩሱ» አሏት። መጋቢት 11 ቀን 2019 በሰባ ሁለት ዓመታቸው በሰላም አረፉ። ገናዡ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምሮላቸው ነበር። ማርሊን ገብታ ግራውን ፈትታ ኪሳቸው ከተተችው። «የሚሄድበትን አናውቅም» አለች።

አቶ ዴንዚል የአንዲት ሚስት ባል፣ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። አንድ ወንድምም ከኋላቸው ቀርቷል። ለነፍሳቸው መብራት የማይደክምበት ቤት እንዳንመኝላቸው፣ እሳቸው አይወዱትም። እግዚአብሔር በእናታቸው ቤት እንደነበረው እሑድ ያለ ቀን ይስጣቸው።

አሁን ከዚህ ተነሥተን አዳራሽ እንገባለን። ሎሬይንና ጊሊያን ከጠዋት ጀምሮ ሥጋ እየጠበሱ ነው፤ ማሞቂያው ሁሉ በርቷል፣ ሻይ ማፍያዎቹም ተጥደዋል። አምፕሊፋየሩ መድረኩ ላይ ተሰክቶ ግሏል። ጊታር ግን ከኛ ዘንድ የለም።

ክላይቭ፣ ከመጣህ መቼም ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነህ። ወንድምህ ዕድሜውን ሙሉ ባንድ እጁ ሠርቶ ትቶልሃል፤ ጊታር ደግሞ ባንድ እጅ አይመታም። እጅህን ከኪስህ አውጣና ና። ሥጋው ከበሰለ ምድጃው ይጠፋል።