ለፈተናሽ የሚበቃ ባትሪ

ለውዷ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽ እንዴት ሆነ? ያ ሲነሳብሽ አላስቆም አላስቀምጥ የሚልሽ ራስ ምታትስ ተወሽ ወይስ አሁንም ይመላለሳል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? መድኃኒቷን ትወስዳለች ወይስ እንደ ልማዷ «ከነገ ጀምሮ» እያለች ትራስ ሥር ትደብቀዋለች? ባልሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ወፍሬያለሁ፤ ብታዪኝ «ማን ናት ይቺ ወይዘሮ» ነው የምትይው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ደስ የሚል ወሬ ይዤ ነው። ላፕቶፕሽ ተገኘች! ትንሽዬ ናት፤ ደብተር በምትይዢበት ቦርሳሽ ውስጥ ትገባለች። ክዳኗ ጥግ ላይ ጭረት አላት እንጂ ሌላው ንጹሕ ነው። አንድ ደንበኛ ለጥገና አምጥቷት ሰለቸውና ለአለቃዬ ጥሎለት ሄደ። አለቃዬን ታውቂዋለሽ፤ በየደብዳቤው የማማልሽ፣ ከመሬት የወደቀች ብሎን አንስቶ ኪሱ የሚከት ሰውዬ። ለእህቴ ፈተና ነው እያልኩ ጠዋት ማታ ስጨቀጭቀው መሮት፣ ራስሽ ከጠገንሻት ውሰጃት፣ ብቻ ጆሮዬን ተይልኝ አለኝ። እኔም ጠገንኳት።

ያለፈው ዓመት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ስንት ዓመት ሙሉ ቀን እያስተማርሽ ማታ እየተማርሽ፣ የመጨረሻውን ፈተና በተዋስሽው ኮምፒውተር በኢንተርኔት ተቀምጠሽ፣ ልትጨርሺ ምንም ሳይቀርሽ መብራቱ እልም ሲል ፈተናውም አብሮ ጠፋ። ያን ዕለት ደውለሽልኝ አንድ ቃል ሳትናገሪ ያለቀስሽው ልቅሶ አንጀቴን ነው የበላው። አሁን ደግሞ ያለሽ አንድ ዕድል ብቻ ነው፣ ይሄ ካመለጠ ሁሉም እንደገና ከሀ ይጀመራል አልሽኝ። ፈተናው አራት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ይቺ ላፕቶፕ መብራት ኖረም አልኖረም አራት ሰዓት ሙሉ ቀጥ ብላ መሥራት አለባት። አንዲት ደቂቃ ብትጎድል አልልክልሽም ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

የባትሪ ነገር ደግሞ ወሬው ሌላ ሥራው ሌላ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ «መቶ ፐርሰንት» ብሎ ይጽፍልሻል፤ ሥራ ስትሰጪው ግን ግማሽ ላይ ድርግም ይላል። እኛ ሱቅ የሚፈተነው እስኪሞት ድረስ በማሠራት ነው። ጢም ብሎ እስኪሞላ ቻርጅ እናደርገዋለን፤ ከዚያ ቻርጀሩን ነቅለን፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍ አድርገን፣ አንድ ረጅም ፊልም እንለቅበታለን። እኔ በዚያ ላይ አንቺ በፈተናው ቀን እንደምታደርጊው ኢንተርኔቱን ከስልኬ አገናኘሁበት፤ እሱም ባትሪ ይበላላ። ረጅም ፊልም ብፈልግ ብፈልግ ግን እጄ ላይ ያለው አንድ ብቻ ሆነ። የሰርግሽ ፊልም!

ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ አጠገቤ የሚሠራው ስልክ ጠጋኝ አንገቱን ብቅ አደረገ። የፅዳቷ እትዬም መወልወያቸውን እንደያዙ መጥተው ቆሙ። ያ ረጅሙ ቪዲዮ ቀራጭ ከድስት አጠባው ጀምሮ ነው የቀረፀው፤ የማያሳየው ነገር የለም። ስልክ ጠጋኙ ምን ቢል ጥሩ ነው? ይሄ ድንኳኑ በር ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የቆመው ሰውዬ ዘበኛ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሳቅ ልሞት! ነፍሱን ይማረውና አባባ ነው፣ የሙሽራዋ አባት አልኩት። ሰውዬው በሃፍረት የሚገባበት ጠፋው፤ እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ፤ አባባን በሥጋ ሳለ የሚያውቁት ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚሉት።

ይህን እየተሳሳቅን መኪናው ደረሰ፤ በሩ ተከፈተ፤ አንቺ አንድ እግርሽን አውጥተሽ ነጩ ጫማሽ ገና መሬት ሊነካ ሲል ላፕቶፗ ድርግም! ሁለት ሰዓት እንኳን አልሞላትም። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ያ ልቅሶሽ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ።

አለቃዬ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። እንዴ፣ ሙሽራዋ ከመኪና ሳትወርድ ልንቀር ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባ፤ የሚቆለፈውን መሳቢያ ሲከፍት ሰማሁት፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን አዲስ ባትሪ ከነማሸጊያው አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረልኝ። ሐሳቡን ሳይቀይር ብዬ ማሸጊያውን በጥርሴ ነው የቀደድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ፊልሙን ከመጀመሪያው ለቀቅኩት። ሱቁ ሁሉ በሥራው መሐል አንድ ዓይኑን እያስቀረ ያይ ነበር። ከመኪና ወረድሽ፤ የፅዳቷ እትዬ እልል አሉልሽ። ምግቡ አለፈ፤ ጭፈራው መጣ። ስንቱ ሰው አባባን እጁን ይዞ ጎተተው መሰለሽ! እሱ ግን የድንኳኑን ገመድ የሚያጠብቅ እየመሰለ፣ ወንበር የሚያስተካክል እየመሰለ ሁሉንም አመለጣቸው። የፅዳቷ እትዬ ተናደው፣ ምን ዓይነት አባት ነው፣ በልጁ ሰርግ ትከሻው የማይነቃነቅ ብለው ወቀሱት። እኔም ምን እላለሁ፤ አመሉ ነው አልኩ።

ላፕቶፗ አራት ሰዓት ሙሉ ሠርታ ስታልፍ ዘልዬ ስልክ ጠጋኙን አቀፍኩት፤ ደንግጦ መፍቻውን ጣለው። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ግን የሱቁ ሕግ እስኪሞት ነው። ኬኩ ተቆረሰ። እኔ ያንን ፊልም ሁልጊዜ የምዘጋው ኬኩ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የዕቃ ማንሳት ነው ብዬ። አንቺም አይተሽው አታውቂም፤ እዚያ ቤት ፊልሙ በተከፈተ ቁጥር ኬኩ ጋ ሳይደርስ መብራት ይሄድ የለ!

ለካስ ቪዲዮ ቀራጩ ራቱን ሊበላ ሲሄድ ካሜራውን ሳያጠፋ ወንበር ላይ ትቶት ነው። ምስሉ ትንሽ ተንጋዷል። እንግዳው ሁሉ ሄዷል፤ አባባ ድንኳኑን ይጠርጋል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መጣና፣ በቃ እንግዲህ ልጅህን ዳርክ፣ ዐረፍክ አለው። አባባ መጥረጊያውን ተደግፎ፣ ምን ዐርፋለሁ፣ ይቺ ልጅ ገና ትማራለች፣ የምርቃት ጋወኗን አንተ ነህ የምትሰፋው፣ እኔም የዚያን ቀን ነው የማርፈው አለው። በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ ልክ ትናንት እንደሰማሽው። ልብስ ሰፊው እየሳቀ ወጣ። አባባ ብቻውን ቀረ። ወደ በሩ አየ፤ ወደ ጓሮ አየ፤ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ ምን አደረገ መሰለሽ? ጨፈረ! ያ አባባ፣ ዘበኛው አባባ፣ ያለ ሙዚቃ፣ በባዶ ድንኳን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጨፈረ።

ይሄን ጊዜ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት መጣ። ባትሪው ሊያልቅ ነው። የፅዳቷ እትዬ በእናትሽ ሰኪው፣ ሰኪው እያሉ ቻርጀሩን እጄ ላይ አስያዙኝ። እታለም፣ ቀዳዳው ጋ አደረስኩት። ግን ከሰካሁት ፈተናው ፈረሰ፤ ስንት ሰዓት እንደሚችል ሳላውቅ ነው የምልክልሽ። ፊልሙ የትም አይሄድም፤ ያንቺ ፈተና ግን ይሄዳል። አልሰካሁትም። ቻርጀሩን እንደያዝኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ አባባ አንድ እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ስክሪኑ ጨለመ።

አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር፤ አቧራ ነው አለ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ከአምስት ሰዓት በላይ ቆይታለች! ከዚያ በኋላ ነው ሰክተን ቀሪውን ያየነው። ብዙ አይደለም። ጨፍሮ ሲያበቃ ኮቱን አስተካከለ፤ መጥረጊያውን አነሳ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥረጉን ቀጠለ። የፅዳቷ እትዬ እንባቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ ይቅርታ አድርግልኝ አሉት።

ላፕቶፗን ለዓመት ፈቃዷ ወደናንተ የምትመጣው ጎረቤቴ ነርስ ታደርስልሻለች። አደራ፣ በፈተናው ዋዜማ ጢም አድርገሽ ሙያት። የስክሪኑን ብርሃን እኔ እንዳደረግኩት እስከ ጥግ አትክፈቺው፤ ዝቅ ስታደርጊው የበለጠ ትቆይልሻለች። የሰርግሽን ፊልም ውስጧ ትቼልሻለሁ፤ ግን አፈር ስሆን ፈተናውን ሳትጨርሺ እንዳትነኪው። ዓይንሽ አብጦ ጥያቄው አይታይሽም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ትራሷንም ፈትሺልኝ። ባልሽን፣ ያኔ በጠባቡ ጫማ እያነከሰ ሲጨፍር ሱቁ ሁሉ አይቶታል በይው። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን፣ ጥርሰ ወላቃዋን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊውን ሰላም ብለሽ፣ የታዘዘው ሥራ ስላለ መቀሱን ይሳል በይልኝ።

በፈተናው ቀን መብራት ቢሄድ እንዳትደነግጪ። ፈተናሽን ጨርሰሽ ላኪ፤ ከዚያ ሻማ እንኳን ሳትለኩሺ ፊልሙን ከኬኩ በኋላ ክፈቺው። አራቱ ሰዓት ያንቺ ነው፤ ከባትሪው የተረፈው የአባባ ነው።

የምትወድሽ ታናሽሽ፣ ለፍላፊዋ
ከጥገና ሱቁ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
ኅዳር 12 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት